በፍል ውሃ ካባ አይለበስም

ወላይታ ሶዶ፣ በሐምሌ ወር መጨረሻ

ውድ አቶ ኤርካሎ፤

«ውድ» ያልኩዎት የደብዳቤ ሥርዓት ስለሚያዝ ብቻ ነው። በዚያው ሥርዓት መሠረት ቀጥዬ ጤናዎን መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ ከዚህ ዓለም ከተለዩ ዓመታት ስላለፉ፣ ጤናዎ ከእኔ ጤና የተሻለ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ጉልበቴን ያመኛል። ይህ ሁሉ ነገር የመጣውም ከዚሁ ከጉልበቴ ነው።

ማንነቴን ላስታውቅ። ወልደመስቀል እባላለሁ። እዚሁ ሶዶ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። ባለቤትዎ የነበረችው ትርፌ ዛሬ ባለቤቴ ናት። «የነበረችው» የሚለውን ቃል ስጽፍ ብዕሬን ጫን አድርጌያለሁ፤ ከወረቀቱ ጀርባ በኩል ሳይታይ አይቀርም።

በሕይወት ሳሉ አንድ ጊዜ ተገናኝተናል። ፈተና ተቆጣጥሬ ከቢጠና ስመለስ ዝናብ መንገድ ላይ አስቀረኝ። የእርሻ መሥሪያ ቤት ላንድሮቨር የሚነዳ አንድ ረጅም ሰው ቆመና ከፊት ወንበር አስቀመጠኝ። መንገዱ ያንሸራትት ስለነበር እስከ ሶዶ ድረስ «አንተ፣ ቀስ በል እንጂ» እያልኩ መጣሁ፤ ሰውየውም «እሺ መምህር፣ አይስጉ» እያለ። ስሙን አልጠየቅሁም። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ሽማግሌዎቼ የትርፌን እሺታ ይዘውልኝ ከመጡ ወዲያ ቤቷ ስገባ፣ ያ ሰው ከግድግዳው ላይ ቁልቁል ተመለከተኝ። እርስዎ ነበሩ።

ያን ጊዜ «አንተ» ያልኩዎት ሾፌር ስለነበሩ ነው። ዛሬ «እርስዎ» የምልዎትም ስላከበርኩዎት እንዳይመስልዎ። ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ፣ «እርስዎ ካባ ነው፤ አንተ ገላ ነው» ይሉን ነበር። ሰው ከገላው ሊያርቅ የፈለገውን ካባ ያለብሰዋል። እኔም አልብሼዎታለሁ፤ በዚያው ይቆዩልኝ።

ትርፌ እኔን «እርስዎ» ትለኛለች። እኔ ምክትል ርዕሰ መምህር በነበርኩበት ዘመን በዚያው ትምህርት ቤት ታይፒስት ስለነበረች አንደበቷ በዚያ ቀረ። አብረን መኖር ከጀመርን በኋላ እንኳ «መምህር፣ ምሳ ቀርቧል፤ ይነሱ» ትለኛለች። ጎረቤት ሲሰማ ያደንቃል፤ «ምን ያለች ጨዋ ናት» ይለኛል፤ እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ እቀበላለሁ። ጨዋነቷ እውነት ነው። ግን እርስዎን በስምዎ ትጠራዎት እንደነበረ ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ድንገት ያነሣሁ አስመስዬ ጠይቄያት፣ «ኤርካሎ ነዋ፤ ሌላ ምን ልበለው?» አለችኝ። «ልበለው» አለች፣ አቶ ኤርካሎ። «ልበላቸው» አላለችም። እኔ ደግሞ «እኔንም እንደዚያው በዪኝ» ብዬ የምለምን ሰው አይደለሁም። ክብር ቀርቦለት ሳለ ፍቅር ይጨመርልኝ የሚል ሰው፣ ሳይጠግብ ተነሥቶ በር ላይ እንደሚያመነታ እንግዳ ነው።

ነገሩ ፍትሐዊ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሟች ባለቤቴ የጥሩወርቅ ፎቶግራፍ ሳሎን ተሰቅሏል፤ አቧራውን የምታራግፈው ትርፌ ናት። የእርስዎን ግን «ለሁለት ሟች ግድግዳው ይጠባል» ብዬ ሳጥን ውስጥ እንዲገባ አድርጌያለሁ። አልተከራከረችኝም። ቢሆንልኝ ብትከራከረኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጉልበቴ ልመለስ። ዘንድሮ ክረምቱ ጠና። ዳሞታ ጭጋጉን ከትከሻው ሳያወርድ ሳምንት አለፈ፤ እኔም ከወንበር ስነሣ የምይዘው ነገር መፈለግ ጀመርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ትርፌ ግን አየች፤ ሀዋሳ ለምትኖረው ልጅዎ ለቤቴል ነገረቻት። ቤቴልም ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ሄደን ሁለት ሌሊት እንድናድር ክፍሉን ከፍላ ጨረሰችና «የጫጉላ ሽርሽራችሁ ነው፤ እስከ ዛሬ ያልወጣችሁት» ብላ በስልክ ሳቀችብን። እኔ ለሕክምና እንጂ ለሽርሽር እንደማልሄድ በጥብቅ አስታወቅሁ። ስንወጣ ጎረቤታችን አሳየሽ በሯ ላይ ቆማ ነበር።

«ጋሼ፣ ሙሽራ ነዎት ወይስ ሕመምተኛ?» አለችኝ።

«ሕመምተኛ ነኝ።»

«እንዲያ ከሆነ ሽቶው የሚቀባው ለጉልበት ነው ማለት ነዋ።»

ትርፌ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። እኔ ቀደምኩ።

የሄድነው በሚኒባስ፣ በበዴሳና በዲምቱ በኩል ነው። ዲምቱ ስንቃረብ ትርፌ ጠጋ ብላ፣ ለአንድ አፍታ ወርደን መቃብርዎን አይተን በሚቀጥለው መኪና ብንሄድ ምን ይመስለኛል ስትል ጠየቀችኝ። ዝናቡን አሳየኋት። መንገደኛ የያዘውን ወንበር በገዛ ፈቃዱ አይለቅም አልኳት። «ደግ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ የመንደሩ የመጨረሻ ቤት እስኪያልፍ ድረስ አልመለሰችውም። የሰውን ማጅራት እያዩ መጓዝ ምን እንደሚመስል እርስዎ ሾፌር ስለነበሩ አያውቁትም።

ወንዶ ገነት ስንደርስ ዝናቡም እንፋሎቱም አንድ ሆነው አገኘናቸው። ትላልቆቹ ዛፎች ሥራቸው ጠፍቶ ቅርንጫፋቸው ብቻ ይታያል። እኔ በመንገድ ሳለን ስለ ሥፍራው የማውቀውን ሳስረዳት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ያርፉበት ስለነበረው ቤት፣ ስለ ፍል ውሃና ስለ ጠበል ልዩነት። አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ከመኪና ወርደን ወደ ገንዳው ስንሄድ ግን ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «በዚህ በኩል ይሻላል፤ ያኛው ደረጃ ሙልጭልጭ ነው» አለችኝ። እንግዳ ቦታ የወሰድኳት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወደ ቤቷ እያስገባችኝ ነበር።

ፎጣ የምትሰጠዋ ሴት ታንጉት ትባላለች። ትርፌን እንዳየች ዘላ አቀፈቻት።

«እትዬ ትርፌ፣ ጠፋችሁ እኮ። ጋሽ ኤርካሎስ?»

ትርፌ በጆሮዋ ነገረቻት። ታንጉት ከንፈሯን መጠጠች፤ ደረቷን መታ መታ አደረገች፤ ከዚያ እኔን ከእግር እስከ ራስ አየችኝ።

«እኚህስ? ታላቅ ወንድምሽ ናቸው?»

«ባለቤቴ ናቸው» አለች ትርፌ። «ናቸው» አለች። አፏ ለአመል እንኳ አልሳተም።

ታንጉት ጥፋቷን ለማካካስ ብላ ይመስለኛል፣ ፎጣውን ስታቀብለኝ ስለ እርስዎ ታወራልኝ ጀመር። ከአንገትዎ በላይ ብቻ ብቅ ብለው መዝሙር ሲዘምሩ ገንዳው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይቀበልዎት እንደነበረ፤ ምንጩ ላይ ለመቀቀል የነከሩትን በቆሎ በጨዋታ ረስተውት ፍሬው ተፈልፍሎ ቆረቆንዳው ብቻ ይወጣልዎት እንደነበረ። «ጋሽ ኤርካሎ ያሉበት ውሃ ሳይፈላም ይሞቃል» አለችኝ። ሰው ለሞተ ሰው እንዲህ ያለ ምስክርነት ሲሰጥ፣ በሕይወት ያለው ሰው ፎጣውን ይዞ ምን ይበል? «ነፍስ ይማር» አልኩ።

አሁን የምጽፍልዎት ነገር ነው እንቅልፍ የነሣኝ። እኔ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ የገንዳው አፍ ላይ ተቀመጥኩ። ትርፌ በረጅም ቀሚሷ እንደሆነች ደረጃውን ወረደች፤ ውሃው እስከ ደረቷ ሲደርስ ዘወር አለችና በጀርባዋ ተኛችበት። አዎ፣ ውሃው ላይ ተኛች። ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ዘርግታ፣ ዝናቡ ፊቷ ላይ እየወረደ፤ እንደ ቅጠል ቀለለች። ቤቴ ውስጥ ስትሄድ ኮቴዋ እንዳይሰማ የምትጠነቀቀዋ ሴት፣ ያን ያህል ሰው በተሰበሰበበት እግሯን ለቀቀች።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት ወደ እኔ ስትንሳፈፍ።

«ኤርካሎ ነዋ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «መጀመሪያ እጁን ከጀርባዬ ሥር ያደርግልኛል። ከዚያ ሳይነግረኝ ያነሣዋል። እኔ ግን ያለ እየመሰለኝ እተኛለሁ።»

አሁንስ ያለ ይመስልሻል ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። ፊቷን አይቼ መልሱን ያወቅሁ መሰለኝ። በዚያ ውሃ ውስጥ ከሥሯ አንድ እጅ ነበር፤ የእኔ እጅ ግን ከውሃው ውጭ፣ ጉልበቴን ይዞ ተቀምጧል።

«ይግቡ እንጂ፣ እኔ እይዝዎታለሁ» አለችኝ።

«ለጉልበቴ ይህ ይበቃል» አልኩ።

በማግስቱ ማለዳ ስነቃ አጠገቤ አልነበረችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ቀስ እያለ ይመታል። እኔ ገና በግእዝ የጠዋት ጸሎቴን ልጀምር ስል የሰው ድምፅ ከበረንዳው ሰማሁ። ትርፌ ከደጅ፣ ከእንጨት መቀመጫው ላይ ሆና በዝግታ ትናገራለች። ያ መቀመጫ እርስዎና እሷ ስትመጡ የምታርፉበት እንደነበረ ማታ ራሷ ነግራኛለች። ጆሮዬ እንደ ጉልበቴ አላረጀም።

«አንተ ታውቀዋለህ» ትላለች። «ይህ ሰው ኩሩ ነው። ሲያመው እንኳ አመመኝ አይልም፤ ለእኔም አይነግረኝም። አንተ ግን ታውቀዋለህ። ያኔም እዚሁ ተቀምጬ ሰምተኸኛል። አሁንም ብቻዬን አታስቀረኝ።»

ከዚህ በላይ መስማት አልቻልኩም። ትርፌ ስትጸልይ አውቃታለሁ፤ አልጋው አጠገብ ተንበርክካ፣ በወላይትኛ ነው የምትጸልየው፤ በአማርኛ ስትጸልይ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ጸሎት ሊሆን እንደሚችል በሐሳቤ አልመጣም። የመጣልኝ እርስዎ ነዎት። ሚስቴ በማለዳ ተነሥታ፣ ከሟች ባሏ ጋር በአሮጌው መቀመጫቸው ተቀምጣ፣ እኔን ኩሩውን ሽማግሌ ለእርስዎ ታማኛለች። ደግሞም «አንተ» እያለች። እኔ ስንት ዓመት የጠበቅሁትን ቃል በአንድ ትንፋሽ ስንት ጊዜ እንዳለችልዎት አልቆጠርኩም፤ ብቆጥር ኖሮ የባሰ ይሆን ነበር።

ስትገባ ሻንጣውን ዘግቼ አገኘችኝ።

«ዛሬም እናድራለን አልተባለም?»

«ጉልበቴ ድኗል» አልኳት።

አየችኝ፤ ከዚያ እንዴት እንደምቆም አየች፤ ነጠላዋን አጣፋች። ታንጉት ስትሸኘን «ምነው ጋሼ፣ ውሃው ቶሎ ሰለቸዎት» አለችኝ።

ከሀዋሳ ሚኒባስ ተሳፈርን። የብላቴን ወንዝ ተሻገርን። ዝናቡ ጠነከረ። በልቤ አንድ ፍርድ አዘጋጅቼ ነበር። ዲምቱ መግቢያ ላይ ስንደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ወራጅ አለ» አልኩ።

«ስንት ሰው?» አለ ሾፌሩ በመስተዋቱ እያየኝ።

«አንድ።»

ትርፌ ዞር ብላ አየችኝ። መኪናው ቆመ። «ልታዪው ፈልገሽ አልነበር? ውረጂ፤ ጊዜ ወስደሽ አጫውቺው። እኔ ቤት እገባለሁ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ተመልሳ ትመጣለች ወይስ ሀዋሳ ልጇ ዘንድ ትቀራለች፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አላውቅም ነበር። ኩራቴ ግን እንድጠይቅ አልፈቀደልኝም። እሷ ወረደች። ከመኪናው ደጃፍ፣ ከጭቃው ላይ ቆመች፤ በሩን ግን በእጇ ይዛ አላስዘጋም አለች።

«ማንን ነው የማጫውተው?»

«ማለዳ በረንዳው ላይ ስታጫውቺው የነበረውን። አንተ አንተ ስትዪው ሰምቻለሁ።»

ዝናቡ ከነጠላዋ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ፣ ለቅሶ ላይ ሳቅ እንደሚያመልጠው ሰው፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።

«እግዚአብሔርን እኮ ነው» አለች። «ጸሎት ላይ ነበርኩ።»

«አንቺ በአማርኛ ጸልየሽ አታውቂም።»

«ስለ እርስዎ ስጸልይ ነው በአማርኛ የምጸልየው። እርስዎ ስለሚተኙ አይሰሙኝም። ስለ ልጄም፣ ስለ ሁሉም በወላይትኛ እለምናለሁ። እርስዎን የማውቅዎ ግን በአማርኛ ነው። በወላይትኛ ስጀምረው ስለ ሌላ ሰው የማወራ ይመስለኛል።»

ከኋላዬ ዶሮ ታቅፋ የተቀመጠች አንዲት ሴት፣ «አባባ ይውረድ እንጂ፤ ሴትዮው ዝናብ እየመታው ነው» አለች። ሌላ ቀን ቢሆን የቃሏን ጾታ አርምላት ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን አዞረ።

«አባባ፣ ይወስኑ እንግዲህ። ወራጅ ነዎት ወይስ ሂያጅ?»

አቶ ኤርካሎ፣ እኔ በየማለዳው በግእዝ ስጸልይ «አንተ» የምለው ማንን ኖሯል? አምላክ «አንተ» እንጂ «እርስዎ» እንደማይባል ለስንቱ ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስረድቻለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ያች ሴት በማለዳ ብርድ ተቀምጣ ስለ ጉልበቴ ስትለምን፣ ቅናት ጆሮዬን ደፍኖት ሌላ ቃል ሰማሁ። ይህን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት አንድ ነገር ነበር፤ ሾፌሩ ማርሹን ሊያስገባ ነው፣ ትርፌም ብቻዋን ትቀራለች። «ብቻዬን አታስቀረኝ» ያለችው ለእኔ መስሎ ተሰማኝ።

«ወራጅ» አልኩ።

ጉልበቴ ከመኪናው ስወርድ ከዳኝ። እጇን ዘረጋችልኝ፤ ያዝኩት። «ያመኛል» አልኳት። «አውቃለሁ» አለች።

ያሉበት ሥፍራ መልካም ነው። ከወንድምዎ ቤት ጓሮ፣ ከእንሰቱ ተክል ጥግ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው ያሳረፉዎት። ሲሚንቶው በአንድ በኩል ትንሽ ተሰንጥቋል፤ ክረምቱ ሲወጣ አስጠግነዋለሁ። ትርፌ ከስንጥቁ የበቀለውን ሣር ለመንቀል ጎንበስ አለች፤ እኔ ጃንጥላውን ዘርግቼ አጠገቧ ቆምኩ። አንዳንዴ ጃንጥላውን ወደ እሷ ሳደርግ ድንጋይዎ ይዘንብበታል፤ ወደ ድንጋዩ ሳደርግ እሷ ትርሳለች። ለሦስት ሰው የሚበቃ ጃንጥላ አልተሠራም። በመጨረሻ እኔ ራሴን አወጣሁና ለሁለታችሁ አደረግሁት። ያን ስታይ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ እጇ ጭቃ እንደሆነ፣

«ወደ ራስህ አድርገህ ያዘው እንጂ፤ ትታመማለህ» አለች።

ሁለተኛ መደብ፣ ነጠላ ቁጥር፣ ተባዕታይ ጾታ። ዕድሜዬን ሁሉ ሳስተምረው የኖርኩት እርባታ ነው፤ እንዲህ ሲነገር ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር። መናገሯንም አላወቀችም፤ ሣሩን መንቀሏን ቀጠለች። እኔም እንዳትነቃብኝ ትንፋሼን ዋጥኩ።

አንድ ክፉ ሐሳብ ወዲያው መጣብኝ፤ አልዋሽዎትም። ይህን ያለችው ለእኔ ነው ወይስ ለእርስዎ? ከእኔ ይልቅ እርስዎ ይቀርቧት ነበር፤ እጇም ከድንጋይዎ ላይ ነበር። ቆሜ አመዛዘንኩት። በኋላ ግን ልቤ ረጋ። ጃንጥላ ለመያዝ እጅ ያስፈልጋል። ከሁለታችን እጅ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወደ ሶዶ ከተመለስን በኋላም «እርስዎ» ማለቷን ቀጥላለች። ትናንትም «መምህር፣ ይነሱ» ብላኛለች። ደግ፣ ትበለኝ። ከካባው ሥር ገላ እንዳለ አሁን አውቃለሁ። ፎቶግራፉንም ከሳጥኑ አውጥቼ ከጥሩወርቅ ጎን ሰቅየዋለሁ። ምስማሩን ስመታ ትርፌ ከጓዳ ወጥታ አየችኝና፣ «ጠማማ ነው» ብቻ ብላኝ ተመለሰች፤ ሁለት ጊዜ አቃናሁት። ግድግዳው አልጠበበም። እርግጥ ፊት ለፊቱ ስቀመጥ አሁንም እቀናለሁ። ይህን በሽታ ፍል ውሃ የሚያድነው አይመስለኝም። ትርፌ ዓይኗን ጨፍና ውሃው ላይ የተኛችበት ፊት አሁንም ይታየኛል፤ ያን ፊት የሰጣት ሌላ ሰው መሆኑ ያቃጥለኛል።

ስለዚህ ቃል እገባልሃለሁ፣ ኤርካሎ። አዎን፣ ቃል እገባልሃለሁ አልኩ። ካባውን አውልቀው፤ ዘንቦበታልና ይድረቅ። መጀመሪያ «አንተ» ያልኩህ ከላይ ሆኜ ነበር፤ አሁን የምልህ ከጎንህ ሆኜ ነው። ክረምቱ ሲወጣ እንመለሳለን። ዲምቱ ላይ ወርደን አንተን ጠይቀን፣ በሚቀጥለው መኪና እንሄዳለን። ታንጉት ከፈለገች የትርፌ ወንድም ትበለኝ፤ ሱሪዬን አልሰበስብም፣ እስከ አንገቴ እገባለሁ። ትርፌም ስትተኛ እጄን ከጀርባዋ ሥር አደርጋለሁ።

እስከ ዛሬ አንተ ይዘሃት ቆየህ፤ አልጣልካትም። አሁን፣ ስትፈልግ፣ ሳትነግራት እጅህን አንሣ። የእኔ እጅ ከሥር አለ።

በቢጠና መንገድ «ቀስ በል» ያለህ፣
ወልደመስቀል